ከመሬት በታች የተሠራ ቤት ምን ያህል ይቀዘቅዛል?

በሱሉልታና በሰበታ ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ የቡድናችን አባላት «መሬት ውስጥ ያለ ቤት ሁልጊዜ ይስማማል» ስትሉ ደጋግሜ ስላነበብሁ፣ ነገሩን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባኛል። አፈር ሙቀትን በጣም በዝግታ ስለሚያስተላልፍ የቀኑ ግለት ከግማሽ ሜትር ብዙም አይዘልቅም፤ ጥቂት ሜትሮች ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ የወራቱ ልዩነት እየጠፋ የመሬቱ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ አማካዩ 25 ዲግሪ ገደማ በሆነባት ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ክፍል ከቀትሩ ሐሩር ያሳርፋል፤ አማካዩ 16 ገደማ በሆነባት አዲስ አበባ ግን ያው ክፍል ማሞቂያ ይፈልጋል። ይህ የተረጋገጠ ነው። የሚለያየው ሙቀቱ የሚረጋጋበት ጥልቀት ሲሆን፣ እንደ አፈሩ ዓይነትና እርጥበት ይወሰናል። የእኛ መረሬ (ጥቁር የሸክላ) አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥና በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ስለሚሰነጠቅ ግድግዳን ይገፋል፤ እባካችሁ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ።