የበግ እከክ ደንብ ምንድን ነው?

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» እንላለን። በግ ግን የሚያክበት ጥፍር የለውም። ያለው ጥርስ፣ ሰኮናና የሰው አጥር ነው። ሲያሳክከው አጥር ላይ ይታከካል፣ ጎኑን በጥርሱ ይነጫል፣ ጸጉሩ ይረግፋል። የረገፈው ጸጉር አጥሩ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። በማግስቱ የጎረቤት በግ ይመጣና እዚያው ይታከካል። ስለ በግ እከክ የወጣ ደንብ ሁሉ መነሻው ይሄ አጥር ላይ የቀረ ጸጉር ነው።

ነገሩን ያነሳሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ የሚኖረው ደራ ወረዳ፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። 14 በጎች አሉት። በጋ ላይ ልጠይቀው ስሄድ አንዲት እናት በግ የበረቱን ምሰሶ ተደግፋ ስትፈተግ አገኘኋት። ትከሻዋ ላይ ጸጉሩ ተመልጧል። ቆዳው እንደ ደረቀ ሊጥ ቅርፊት ሠርቷል። አጎቴ ቦታውን በጣቱ ፈተግ ፈተግ ሲያደርግላት አንገቷን ቀና አድርጋ ከንፈሯን ማላመጥ ጀመረች። አፏ ውስጥ ምንም የለም። «እያት፣ ደስ ሲላት» አለኝ።

ደስታ አልነበረም። በግ ክፉኛ ሲያሳክከው፣ የሚያሳክከውን ቦታ ከነካችሁለት እንዲህ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የእንስሳት ሐኪሞች ይቺን ምልክት ፈልገው ነው የሚያዩት።

አጎቴ አስቀድሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቷት ነበር። ብዙ ሰው ያደርገዋል። አታድርጉት። ዘይቱ የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላል፣ ተባዩንም አይጨርሰውም። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ፣ አየና «ጋሼ፣ ሁሉንም ያውጡልኝ» አለ። አጎቴ ተቆጣ። «የታመመችው አንዲት! መርፌው ለአሥራ አራት? በጉ የኔ፣ እከኩም የኔ። መንግሥት ምን ቤቱ ነው?»

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ እከክ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኛ እከክ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። በአንድ ስም የምንጠራቸው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው በዓይን በደንብ የማይታዩ፣ ስምንት እግር ያላቸው ጥቃቅን ተባዮች የሚያመጡት ነው። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ቆዳውን ፈልፍሎ ውስጡ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጸጉር ከሳሳበት ከፊትና ከጆሮ ነው። ይሄኛው ሰውንም ለጥቂት ጊዜ ሊያሳክክ ይችላል። ሌላው ዓይነት ቆዳው ላይ ተቀምጦ ጸጉር በበዛበት ቦታ ይራባል። ከእንቁላል እስከ እንቁላል ለመድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ዛሬ ጥቂት የነበረው በወር በሁለት ወሩ ጎኑን ሙሉ ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ቅማልና ክንፍ የሌለው የበግ ዝንብ የሚያመጡት ነው። ይሄኛው በጉን ብዙም ላያከሳው ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጥሬ ቆዳው ላይ ምንም አይታይም። ጸጉሩ ተነስቶ ቆዳው ሲለፋ ግን ጥቃቅን እብጠቶች ነጠብጣብ ሆነው ብቅ ይላሉ። የቆዳ ሰዎችም ይሄንን ነጠብጣብ «እከክ» ነው የሚሉት። የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ በዓለም ገበያ ስሙ የተነሳው ስስና ጠንካራ ስለሆነ፣ በተለይ ለጓንት ስለሚሆን ነው። ጓንት ላይ ደግሞ ነጠብጣብ መደበቅ አይቻልም። ከዓመታት በፊት በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች የውጭ ጥገኛ ተባይ ቁጥጥር ዘመቻ የተካሄደውም ዋናው ምክንያት ይሄው የሌጦ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ ወደ አጎቴ ጥያቄ። ለምን ሁሉም?

ተባዩ በጉ ላይ ከወጣ በኋላ ለሳምንታት ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። በጉ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይፈነጫል። በዚህ መሃል ግን ለሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ «ጤነኛ» ብለን የተውነው በግ ነው ዋናው አስተላላፊ። የታመመችውን ብቻ አክመን ወደ በረቱ ብንመልሳት፣ በሳምንቱ ከጎኗ ከተኛው በግ ትቀበለዋለች። መድኃኒቱም ገንዘቡም ባዶ ሜዳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

በረቱም ራሱ ችግር ነው። ቆዳ ላይ የሚኖረው የእከክ ተባይ ከበጉ ወርዶ ምሰሶ ላይ፣ ጉዝጓዝ ውስጥ፣ በረገፈ ጸጉር ላይ እስከ 17 ቀን ሊቆይ ይችላል። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲኖር ዕድሜው ይረዝማል። ፀሐይና ድርቀት ያሳጥረዋል።

አሁን ይሄን በረት አስፉትና የጣናን ዳር አስቡ። በጋው ሲገፋ ውሃው ይሸሻል። ውሃው የለቀቀው መሬት ላይ ሣር ይበቅላል። የሣሩ ባለቤት አንድ ሰው አይደለም፤ የወል ግጦሽ ነው። የአሥርና የሃያ ቤት በግ ጠዋት ወጥቶ፣ አብሮ ውሎ፣ አብሮ ውሃ ጠጥቶ ማታ ይለያያል። እዚህ ላይ «በጉ የኔ፣ እከኩም የኔ» የሚለው ነገር ይፈርሳል። በጉ የአጎቴ ነው። እከኩ ግን የሜዳው ነው። አንድ ሰው ሁሉን በጎቹን ቢያሳክም፣ ጎረቤቱ ካላሳከመ ልፋቱ በወሩ ይባክናል። ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው አሳክሜ ምን አተረፍኩ?» ብሎ ይተወዋል። እውነቱን ነው። ብቻውን አያዋጣውም። ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያደርገው።

በሌሎች አገሮች ታሪክ ይሄ ነገር በጣም ግልጽ ሆኖ ይታያል። አውስትራሊያ ውስጥ እከክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1788 ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በጎች ጋር ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1832 ስለ በግ እከክ ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ ሕጉ እየጠበቀ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ፣ መንጋ ከቦታ ቦታ መንዳት ተገደበ፣ የታመሙ መንጋዎች እስከመታረድ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1896 እከክ ከአገሪቱ ጨርሶ ጠፋ። የዛሬዎቹን መድኃኒቶች የሚያውቅ ሰው ሳይኖር፣ በድኝና በትምባሆ ውሃ እየነከሩ ነው ያጠፉት። ሥራውን የሠራው ከመድኃኒቱ ይልቅ አብሮ መነሳቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእንግሊዞቹ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1952 አጥፍተውት ነበር። በ1973 ተመልሶ ገባ። መንግሥት በጎች ሁሉ በመድኃኒት ገንዳ እንዲነከሩ አስገደደ። በ1992 ግን ግዴታው ቀረና ነገሩ ለየባለቤቱ ተተወ። ከዚያ ወዲህ እከኩ ተስፋፋ፤ እስካሁንም አልለቀቃቸውም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላ ደንብ አወጣች፦ እከክ የጠረጠረ ሰው ማሳወቅ አለበት፣ መንጋው እስኪታከም ወይም ንጹህ መሆኑ እስኪረጋገጥ አይንቀሳቀስም።

የእነዚህን ሁሉ ደንቦች ልብ ብላችሁ ካያችሁት በአማርኛ በአራት ግሥ ይነገራል። አሳውቅ፣ አቁም፣ ሁሉንም አክም፣ ቀን ቆጥረህ ጠብቅ። ከአራቱ ሰው የሚጠላው «አቁም» የሚለውን ነው። ገባኝ። ፋሲካ እየደረሰ በግ አትሽጥ መባል ቀላል አይደለም። የልጅ ዩኒፎርም፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው ከዚያች በግ ነው። ስለዚህ ጥሩ ደንብ የእገዳውን ቀን ያሳጥራል፣ መጨረሻውንም አስቀድሞ ይናገራል። «እስክንነግርህ ድረስ» የሚባል እገዳ ሰውን በሌሊት በግ እንዲነዳ ነው የሚያስተምረው።

እኛ አገር በ1994 ዓ.ም. የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267/1994 ወጥቷል። አዋጁ ስለ እከክ ብቻ የወጣ አይደለም፤ የእንስሳትን በሽታ በጠቅላላ ይመለከታል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። በሽታ ማሳወቅ፣ የታመመ እንስሳ እንዳይንቀሳቀስ መገደብ፣ አካባቢን ለይቶ መቆጣጠር። የበግና የፍየል ፈንጣጣ ሲመጣ ይሄ አሠራር ቶሎ ይገባናል፤ በግ ስለሚገድል እንፈራዋለን። እከክን ግን ቀስ ብሎ ስለሚያከሳ እንንቀዋለን።

ገበሬ ጋ የሚደርሰው ግን ከአዋጁ ይልቅ የቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ነው። የወል ግጦሽ ባለበት አካባቢ ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ የሚያወጣው ማለቴ ነው። መቼ ሣሩ ይከለላል፣ መቼ ይከፈታል፣ የጣሰ ምን ይቀጣል የሚለው አስቀድሞም የተለመደ ነገር ነው። እዚያ ላይ «እከክ ያለበት መንጋ ሳይታከም ሜዳው ላይ አይወርድም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ይሠራል። ፖሊስ አያስፈልገውም። እረኞቹ ራሳቸው ይጠብቁታል፤ የማን በግ እንደሚታከክ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ሕክምናው ጥቂት ልበል። በብዛት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የሚባለው መርፌ ነው። ከቆዳ ሥር ይወጋል። የተለመደው አንድ በመቶ የሆነው ፈሳሽ ለ50 ኪሎ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ 25 ኪሎ ለምትመዝን በግ ግማሽ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መድኃኒት ለመቆጠብ ብሎ መቀነስ ተባዩን ማለማመድ ነው። መርፌው እንቁላል አይገድልም። ለዚህ ነው ሐኪሙ እንደገና የሚመለሰው፤ ሁለተኛዋን ዙር አትዝለሉ። ቆዳ የሚያኝከውን ቅማል ደግሞ መርፌው በደንብ አይነካውም፤ ለእሱ ርጭት ይሻላል። የተወጋ በግ ሥጋው የሚበላው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በዓል ቢደርስም ቀኑ ቀን ነው።

ርጭት ካነሳሁ አይቀር፣ ለጣና ዳር ሰው አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ለርጭት ከሚውሉት መድኃኒቶች መካከል ዲያዚኖንና ሳይፐርሜትሪን አሉ። ሁለቱም ለውሃ ውስጥ ሕይወት መርዝ ናቸው። በተለይ ሳይፐርሜትሪን በጣም በጥቂቱ ዓሣ የሚመገባቸውን ነፍሳት ይፈጃል። እንግሊዝ ውስጥ የበግ መንከሪያ ሳይፐርሜትሪን ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2006 የታገደው ወንዞችን ስለበከለ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ ዓሣዎች ያሉበት ሐይቅ ዳር ነን። እና በግ ረጭቶ ወዲያው ሐይቁ ውስጥ አጥቦ ማስገባት፣ የተረፈውን መድኃኒት ዳሩ ላይ መድፋት፣ የመርጫውን ታንክ አባይ ውስጥ ማለቅለቅ... እባካችሁ። በጎቹ በደረቅ ቦታ ይረጩ፣ ጸጉራቸው እስኪደርቅ እዚያው ይቆዩ። የሚረጨውም ሰው ጓንት ያድርግ፣ ነፋስን ጀርባው ላይ ያድርግ። ዲያዚኖን በቆዳም ይገባል።

አጎቴ በመጨረሻ ሁሉንም አስወጋ። ሐኪሙ ያሳመነው በአዋጁ አልነበረም። ወደ አጥሩ ወስዶ የተሰካውን ጸጉር እያሳየ «ይሄ የእርስዎ በግ ጸጉር ነው ወይስ የጎረቤትዎ?» ብሎ ጠየቀው። ጸጉሩ ነጭም ቀይም ጥቁርም ነበር። አጎቴ ጥቁር በግ የለውም። ትንሽ ዝም አለና ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱን በስሙ ተጣራ። ለሁለተኛው ዙር የአምስት ቤት በግ አንድ ላይ ነው የቀረበው።

ባለፈው ሐሙስ ከሐሙሲት ገበያ አንድ ወጠጤ በግ ገዝቶ መጣ። ስደውልለት አልቀላቀለውም፤ ከጓሮ ለብቻው አስሮታል። ልጆቹ «ይጮሃል፣ እናስገባው» ቢሉት አሻፈረኝ ብሏል። የበረቱ በር ላይ በየቀኑ አንድ ሰረዝ በከሰል ማስመር ጀምሯል። እስከ ትናንት አምስት ነበሩ።