ንግድ ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ሥራ ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው ጠበቃን አይደለም። የአክስቱን ልጅ፣ የጎረቤቱን ባለሱቅ ወይም ንግድ ቢሮ በር ላይ የቆመውን ጉዳይ ገዳይ ነው። ምክራቸው በቅንነት ይሆናል። ግን ብዙው ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ዘመን የቀረ ነው። ስለ ንግድ ማኅበራት የሚደነግገው የዚያ ሕግ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል።

«ፒኤልሲ ለማቋቋም የግድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል»

ፒኤልሲ የሚባለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል የሚለው ድሮ እውነት ነበር። በዚህ ምክንያት ስንቱ ሰው እህቱን ወይም ሚስቱን «ለፎርም» አንድ በመቶ ሰጥቶ አስገብቷል። አሁን አንድ ሰው ብቻውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ዝቅተኛው ካፒታል እንደ መደበኛው ፒኤልሲ 15,000 ብር ነው። መሥራቹ ቢሞት ወይም በሕግ ፊት ጉዳዩን የመፈጸም ችሎታ ቢያጣ በቦታው የሚተካ ሰው ግን አስቀድሞ መሰየም አለበት።

የፎርም አባል ያላችሁ ደግሞ አስቡበት። በሕግ ፊት «ለፎርም» የሚባል አባል የለም። እህትህ ውጭ አገር ብትሄድ ለእያንዳንዱ ፊርማ ውክልና ትጠብቃለህ። ብትሞት ድርሻዋን የሚጠይቁህ ወራሾቿ ናቸው።

«ፒኤልሲ ካለኝ ቤቴን ማንም አይነካውም»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰውና ሥራው በሕግ አንድ ናቸው። የሱቁ ዕዳ የራሱ ዕዳ ነው። ፒኤልሲ ግን ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰው ነው፤ አባላቱ ኪሳራ ቢመጣ በመርህ ደረጃ የሚያጡት ያዋጡትን ነው።

«በመርህ ደረጃ» የምትለዋን ልብ በሉ። ባንክ ለትንሽ ፒኤልሲ ሲያበድር አብዛኛውን ጊዜ የቤት ካርታ በመያዣ ይጠይቃል፣ ከባለቤቶቹም የግል ዋስትና ያስፈርማል። ያን ቀን ለዚያ ዕዳ ከለላው አበቃ። ሁለተኛ፣ የማኅበሩን ገንዘብ እንደ ኪሱ የሚያወጣ ሰው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በማኅበሩ ቼክ የሚከፍል ሰው፣ ፍርድ ቤት «አንተና ማኅበሩ አንድ ናችሁ» ሊለው ይችላል። ሦስተኛ፣ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው ማኅበሩ ሳይከፍለው ለቀረ ግብር በግሉ ሊጠየቅ የሚችልበት ሁኔታ አለ። «ስሜ እንዲሁ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ይግባ» የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

ከለላው እንዲሠራ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ለራሳችሁም ደመወዝ ቁረጡ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይኸው ነው።

«እኛ ጓደኛሞች ነን እንጂ ማኅበር አይደለንም»

ሁለት ጓደኛሞች አዋጥተው አይሱዙ ይገዛሉ። ሊብሬው በአንዱ ስም ነው። በቃል ተማምነዋል። ሕጉ ይህን የሚመስል፣ ያልተመዘገበ የእሽሙር ማኅበር የሚባል ነገር ያውቃል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ ለሌላው ዓለም የሚታየው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ብቻ ነው። የእሱ አበዳሪዎች መኪናውን በፍርድ ቤት ቢያስይዙ፣ ሌላው ጓደኛ ግማሹ የራሱ መሆኑን ለማስረዳት አበሳውን ያያል። በሌላ በኩል ሁለቱም «ሸሪኮች ነን» እያሉ በአደባባይ ከተዋዋሉ፣ ሁለቱም በግል ንብረታቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ ቢያንስ ማን ስንት እንዳዋጣና ማን ሲወጣ ምን እንደሚያገኝ በጽሑፍ አስቀምጡ።

«ፒኤልሲ ግብር ይቀንሳል»

ሁልጊዜ አይደለም። ማኅበር በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ትርፉ ትንሽም ቢሆን ምጣኔው ያው ነው። የግል ነጋዴ ግን የሚከፍለው ትርፉ ባደገ ቁጥር እየጨመረ በሚሄድ ምጣኔ ነው፤ ከፍተኛው 35 በመቶ ነው። ትርፉ አነስተኛ ከሆነ የግሉ ሊሻል ይችላል። በዚያ ላይ የፒኤልሲ ትርፍ ለአባላት ሲከፋፈል ሌላ ግብር አለበት። ማኅበር ሽያጩ የቱንም ያህል ይነስ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝም ደምሩበት።

«የንግድ ስሙን ካስመዘገብኩ ሎጎዬም የእኔ ነው»

አይደለም። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ነው። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው ደግሞ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

«ጠበቃ የሚፈለገው ሲከሰሱ ነው፤ መመሥረቻ ጽሑፍ ከሌላ ሰው መገልበጥ ይቻላል»

መመሥረቻ ጽሑፍ ሸሪኮች ማኅበሩን ሲያቋቁሙ የሚፈርሙት ስምምነት ነው። ውልና ማስረጃ የሚያየው ማንነታችሁን፣ ለመፈረም ችሎታ እንዳላችሁና ሰነዱ ከሕግ ጋር እንደማይጋጭ ነው። ስምምነቱ ይጠቅማችሁ እንደሆነ አይነግራችሁም። የተገለበጠ መመሥረቻ ጽሑፍ የሚገልጸው የሌላ ሰው ንግድ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሁለት ሸሪኮች ሃምሳ ሃምሳ ይካፈላሉ፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን ግን አንድ መስመር የለም። ሁለቱ ከተኮራረፉ ማኅበሩ ቼክ እንኳ መፈረም ያቅተዋል።

ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ይጽፍልሃል፤ የሸሪክ መውጫ አይቀርጽልህም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ፈልጉ። ለፌዴራል ጠበቆች ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። ወጪ ለመቀነስ መዋጮውን፣ የሥራ ክፍፍሉንና የጠብ ጊዜውን መፍትሔ ራሳችሁ ተነጋግራችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ለሥራውም ቁርጥ ዋጋ ጠይቁ። አንድ ጠበቃ ለሁለት ሸሪኮች ሲያዘጋጅ የማን ጠበቃ እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ። ሸሪክህ ያመጣው ጠበቃ ከሆነ ረቂቁን ለሌላ ሰው አሳይ።

«የውጭ ዜግነት ስላለኝ በወንድሜ ስም ላድርገው»

ዋሽንግተን ያሉ ወገኖች ሲሉት ይሰማል። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ካወጣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ተቆጥሮ መሥራት ይችላል። በወንድም ስም የተመዘገበ ድርሻ በሕግ የወንድም ነው። ወንድም ያገባል፣ ይፋታል፣ ይበደራል። ቅንነቱን ሳንጠራጠር ይህ ብቻውን ይበቃል።

«ሥራውን ካቆምኩ ፈቃዱ በራሱ ይቀራል»

አይቀርም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ግብር ቢሮ ነጋዴ እንደሆናችሁ ነው የሚያውቀው፤ ባላሳወቃችሁት ግብር ላይ ቅጣት ይከማቻል። የግል ነጋዴ የግብር ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ) አውጥቶ ፈቃዱን ይመልሳል። ፒኤልሲ ግን መፍረስ አለበት፦ የአባላት ውሳኔ፣ ሒሳብ አጣሪ፣ ለአበዳሪዎች ማሳወቅ፣ ከመዝገብ መሰረዝ። ለአንድ ጨረታ ብቻ ብላችሁ ማኅበር ልታቋቁሙ ከሆነ የመዝጊያውን ወጪም አሁኑኑ አስሉት።