ከቦሌ ጅማ፦ አውሮፕላኖች በአየር ላይ እንዴት ይራራቃሉ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ በረራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅማ መብረር ጀመረ። ዛሬም ቡና ነጋዴው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ለሕክምና የሚመላለሰው ሁሉ ይህን መስመር ይጠቀማል። ተሳፋሪው በድምፅ ማጉያ የሚሰማው አብራሪውን ነው። ከመሬት ሆኖ መንገዱን የሚያስጠብቀውን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ግን አያውቀውም። እኔ እንደማምነው፣ ከዚህ ሰው በላይ ምስጋና የሚገባው የበረራ ባለሙያ ጥቂት ነው።

የሥራው ዋና ነገር መለያየት ነው። ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ከፍታ መገናኘት የለባቸውም። ከሦስቱ አንዱ ከተለያየ ግጭት የለም።

ቀላሉ መለያ ከፍታ ነው። ሁለቱ ቢያንስ በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በዚህ ላይ ዓለም አቀፍ የአቅጣጫ ደንብ አለ። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጎዶሎ ሺዎችን ይይዛል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሙሉ ሺዎችን። ልክ እንደ መኪና ታርጋ ፈረቃ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ናት። ስለዚህ ወደ ጅማ የሚመጣው ለምሳሌ 16,000 ወይም 18,000 ጫማ ላይ ይበራል። ተመላሹ ደግሞ 17,000 ወይም 19,000 ላይ። ፊት ለፊት ቢተላለፉም በመሃላቸው 1,000 ጫማ አለ።

ችግሩ መውጣትና መውረድ ላይ ነው። ከቦሌ ጅማ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከበረራው ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በመውጣትና በመውረድ ነው። ያኔ አውሮፕላኑ የሌላውን ከፍታ ያቋርጣል። ተቆጣጣሪው አንዱን «እዚያው ቆይ» ይለዋል፣ ሌላው ካለፈ በኋላ ያስወርደዋል።

ራዳር ባለበት ርቀቱ በስክሪን ይለካል። በመስመር ላይ በተለምዶ 5 ናውቲካል ማይል (9 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ኤርፖርት አካባቢ 3 ነው። ራዳር በማይደርስበት ቦታ ግን መለኪያው ሰዓት ነው። በአንድ መስመርና በአንድ ከፍታ የሚከታተሉት 10 ወይም 15 ደቂቃ ይራራቃሉ። አብራሪው የደረሰበትን ነጥብና ሰዓት በሬዲዮ ይናገራል፣ ተቆጣጣሪው ይጽፋል፣ ያሰላል። ሰዓቱም የግሪንዊች ነው። ጅማ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በሬዲዮ የሚነገረው 06:00 ነው።

ንግግሩ ራሱ የደኅንነት መሣሪያ ነው። አብራሪው የተሰጠውን ከፍታ መልሶ ይደግማል። ቁጥሩን ተሳስቶ ከደገመ ተቆጣጣሪው ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም፣ እዚያው ያርማል።

ይህ ሁሉ ቢከሽፍ አውሮፕላኑ ውስጥ ቲካስ የሚባል የግጭት ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ጀርመን ኡበርሊንገን ላይ ተቆጣጣሪው አንዱን አውሮፕላን «ውረድ» አለው፣ ቲካሱ ደግሞ «ውጣ» አለው። አብራሪዎቹ የተቆጣጣሪውን ትእዛዝ ተከትለው ወረዱ። ሌላው አውሮፕላንም በራሱ ቲካስ ትእዛዝ እየወረደ ነበር። 71 ሰው አለቀ። አሁን ደንቡ የማያሻማ ነው፤ የተቆጣጣሪውና የቲካሱ ትእዛዝ ከተጋጩ የቲካሱ ይፈጸማል።

ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፣ ዝናብም አይቸግራትም። የአውሮፕላኑ ቁመት መለኪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ስለዚህ በአካባቢው ግፊት ካልተስተካከለ፣ አውሮፕላኑ በደመና ውስጥ ሲወርድ ከኮረብታው ጋር ያለው ርቀት በስህተት ይነበባል። ተቆጣጣሪው የግፊቱን ቁጥር ደጋግሞ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ማኮብኮቢያ ላይ ደግሞ ቦታው የአንድ አውሮፕላን ብቻ ነው። የቀደመው ካልለቀቀ ተከታዩ አያርፍም፣ መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ደመናው ወይም ጉሙ እስኪገለጥ የሚጠብቁ ካሉ በ1,000 ጫማ ልዩነት ተደራርበው ይዞራሉ። ታችኛው ሲያርፍ የላይኛው አንድ ደረጃ ይወርዳል።