«የቀለም መከላከያ» ምንድን ነው? በአዲስ መኪና ላይ ስለሚቀባው ሽፋንና ስለ «9ኤች»

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ውሉን ሊፈርም ሲል ሻጩ አንድ ተጨማሪ ነገር ያቀርብለታል፤ «የቀለም መከላከያ» ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜ በመኪናው ቀለም ላይ የሚቀባ ስስ ሽፋን ነው። አንዱ ሴራሚክ፣ ሌላው ናኖ፣ ሌላው ደግሞ ፈሳሽ መስታወት እያለ ይጠራዋል። በመኪና ቀለምና በፖሊሽ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ስለዚህ ነገር ዘወትር እጠየቃለሁ፤ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ጥያቄው ሳይሆን ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ መልስ ነው። አስተያየት ሰጪው ለአዲስ ገዢ ሲመክር «ሴራሚኩ 9ኤች ነው፤ ከአልማዝ የሚያንሰው በአንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ ጭረት አይነካውም» ይላል። ይህንኑ አባባል ከዚህ በፊትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሰዎች እርሱን አምነው ገንዘባቸውን ስለሚያወጡ ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

«ኤች» (H) የእርሳስ ጥንካሬ ምልክት ነው። የእርሳስ መጻፊያው ክፍል ከግራፋይትና ከሸክላ ተደባልቆ ይሠራል፤ ሸክላው በበዛ መጠን እርሳሱ ይጠነክራል፤ በተለመደው መለኪያ የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ 9ኤች ነው። በቀለም ቤተ ሙከራ ውስጥ ጫፉ ጠፍጣፋ እንዲሆን የተሞረደ እርሳስ በ45 ዲግሪ ተዘንብሎ በሽፋኑ ላይ ይገፋል፤ ሽፋኑን ሳይጭር ካለፉት እርሳሶች መካከል ጠንካራው የሽፋኑ ደረጃ ተብሎ ይመዘገባል። አሠራሩ አይኤስኦ 15184 በሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ተደንግጓል። አልማዝን 10 ላይ የሚያስቀምጠው ግን ፍሬድሪሽ ሞስ የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው፣ ማዕድናትን እርስ በርስ በመጫጫር የሚያወዳድር ሌላ መለኪያ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የማይገናኙ ናቸው። በሞስ መለኪያ ግራፋይት ከ1 እስከ 2 ሲሆን በተራ አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ 7 ነው። ስለዚህ «9ኤች» የሚለው ቃል ሽፋኑ እርሳስን መቋቋሙን ብቻ ይነግረናል፤ በመኪና ማጠቢያ ስፖንጅ ውስጥ ስለተሰነቀረች የአሸዋ ቅንጣት ግን ምንም አይነግረንም። የመኪናን ቀለም ዘወትር የምትጭረው ደግሞ ያቺው ቅንጣት ናት።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የእርሳስ ሙከራ ውጤት ሽፋኑ ከተቀባበት ነገር ጋር ይለዋወጣል። በጠንካራ መስታወት ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን የሚያሳየው ውጤትና እዚያው ሽፋን ለስለስ ባለ የመኪና ቀለም ላይ ሲቀባ የሚያሳየው ውጤት አንድ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ሲሰረጉድ በላዩ ያለው ስስ ሽፋንም አብሮ ይሰረጉዳልና። ስለዚህ ቁጥሩ በማስታወቂያ ላይ ሲጻፍ ሙከራው በምን ላይ እንደተደረገ ካልተነገረ ለገዢው የሚጠቅም መረጃ አይሆንም።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ አዲስ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ መከላከያውን ለብሶ ነው። በላሜራው ላይ መጀመሪያ ፀረ ዝገት ሽፋን፣ በእርሱ ላይ ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቀለም፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ክሊር የምንለው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን ይደረባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን እንደሚወፍር ማሰብ መጠኑን ለመገመት ይረዳል። የፀሐይን ጨረር የሚመክቱት ኬሚካሎች ያሉት በዚህ ክሊር ውስጥ ነው። «አዲስ ቀለም ቀዳዳ ስላለው መደፈን አለበት» የሚለው የሽያጭ ንግግርም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የፋብሪካ ቀለም ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ተጋግሮ ስለሚወጣ መኪናው ለገዢው ሲደርስ ቀለሙ ደርቆ የተጠናቀቀ ነው። ክሊር ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት፣ በላያቸው ክሊር ያልተደረበባቸው መኪኖች ፀሐይ ስታደበዝዛቸው ሰም ያስፈልጋቸው ነበር፤ ምክሩ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል።

ለማስረዳት ሁልጊዜ የምጠቀመው የቆዳ ጫማን ነው። ክሊሩ የጫማው ቆዳ ነው። ሰምም ሆነ ሴራሚክ በቆዳው ላይ የሚቀባ ቅባት ነው፤ ውኃ እንዳይጠጣ፣ አቧራውም በቀላሉ እንዲጠረግ ያደርጋል፣ ያሳምራልም። ሴራሚክ ከሰም የሚለየው ከክሊሩ ጋር አጥብቆ በመያያዙና ከወራት አልፎ ለዓመታት ሊቆይ በመቻሉ ነው፤ ውፍረቱ ግን አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው። በደንብ የተቀባ ጫማ ድንጋይ ሲመታው እንደሚቆረጥ ሁሉ ሴራሚክ የተቀባ መኪናም ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር ሲያርፍበት ቀለሙ ይፈነቀላል። ድንጋይን የሚመክተው በጫማው ላይ የሚጠለቅ የላስቲክ ሽፋን ነው፤ በመኪና ላይ የዚህ ተመሳሳይ ከፖሊዩሬቴን የሚሠራው ግልጽ ፊልም ሲሆን ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል። የሚያናድደኝ ቅባቱም ላስቲኩም «የቀለም መከላከያ» በሚል አንድ ስም መሸጣቸው ነው፤ ገዢው የላስቲኩን ጥቅም ይሰማና የቅባቱን ቆርቆሮ ይዞ ይሄዳል።

ቅባቱ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የወፍ ኩስ ዩሪክ አሲድ አለበት፤ በፀሐይ በጋለ ኮፈን ላይ ሲደርቅ በሰዓታት ውስጥ ክሊሩን በልቶ ምልክት ሊተው ይችላል። ሴራሚክ በመካከል ስለሚገባ ባለቤቱ እስኪያጥበው ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለቀናት ከተተወ ግን ሴራሚኩም አያድነውም። እጥበትም ይቀላል፤ ጭቃው አጥብቆ ስለማይዝ መፈግፈጉ ይቀንሳል፣ መፈግፈግ ሲቀንስ ጭረትም ይቀንሳል። የሴራሚክ እውነተኛ ጥቅም ይኸው ነው። ውኃ በላዩ እየተንከባለለ ጠብታ መሥራቱ ግን ውኃ እንደማይጣበቅበት እንጂ ቀለሙ መጠበቁን አያረጋግጥም፤ እንዲያውም ማዕድን የበዛበት ውኃ በጠብታ መልክ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ነጭ ክብ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ሴራሚክ የተቀባ መኪናም ከዚህ አያመልጥም።

ከምርቱ ይልቅ የሚወስነው የቀቢው እጅ ነው። አንድ ባለቤት ሦስት ሳምንት ያልሞላው ጥቁር መኪና ከነምስክር ወረቀቱ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ «ተቀብቷል፤ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ደስ አይለኝም» አለኝ። የጣሪያውን መብራት አጥፍቼ የእጅ መብራት ወደ ኮፈኑ ሳስጠጋ በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰሉ ጭረቶች ክብ ክብ ሠርተው ወጡ፤ ወደ ጎን ስወስደው አብረውት ሄዱ። በጣቴ ስዳብሰው ላዩ ልሙጥ ነው፤ ጭረቱ ያለው ከሽፋኑ ሥር ነው። መኪናው በቆሸሸ ጨርቅ ታጥቦ፣ ጭረቱ በፖሊሽ ሳይነሣ ሽፋኑ በላዩ ተቀብቶበታል፤ አቧራው ሳይጠረግ ቅባት እንደተቀባ ጫማ መሆኑ ነው። ለማስተካከል ሽፋኑን በፖሊሽ ፍቄ ማንሣት፣ ከክሊሩም ጥቂት መቀነስ ነበረብኝ፤ የተቀነሰ ክሊር ደግሞ አይመለስም። ያ ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ያዘንኩትም ለዚህ ነው።

ተገቢው ሥራ መኪናውን በጥንቃቄ ማጠብን፣ በማጓጓዝ ወቅት የተጣበቁትን የብረት ብናኞች ማስለቀቅን፣ ጭረቱን በፖሊሽ ማንሣትን፣ የፖሊሹን ቅባት በአልኮል ማጽዳትን፣ ከዚያም አቧራ በሌለበት ቤት እያንዳንዱን ክፍል ቀብቶ ትርፉን በወቅቱ መጥረግንና ውኃ ሳይነካው እንዲደርቅ መተውን ይጠይቃል። ይህ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሻጩ «ወረቀቱን እስክትጨርሱ ይደርሳል» ካለ ከእነዚህ አብዛኞቹ አልተሠሩም ማለት ነው።

ስለ ዋስትናው በአጭሩ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ዋስትናውን የሚሰጠው የመኪናው አምራች ሳይሆን ሌላ ወገን ነው፤ የጠጠር ምትንና የእጥበት ጭረትን አያካትትም፣ በየዓመቱ ተከፍሎበት እንዲታይም ሊያስገድድ ይችላል። አምራቹ ለቀለም ጉድለት የሚሰጠው ዋስትና ይህ ሽፋን ቢገዛም ባይገዛም ያው ነው። ዋጋው በመኪናው ብድር ላይ ከተደመረ ደግሞ ገዢው ብድሩ እስኪያልቅ ወለዱንም አብሮ ይከፍላል።

እንግዲህ በሻጩ ቤት በተለመደው መንገድ የሚቀባው ሽፋን ዋጋውን ያወጣል ወይ ለሚለው መልሴ አብዛኛውን ጊዜ አያወጣም ነው። ሴራሚክ የፈለገ ሰው ሙያው ወደሆነ ባለሙያ ሄዶ ከመቀባቱ በፊት ቀለሙን በመብራት እንዲያሳየው ቢጠይቅ ይሻለዋል። መኪናውን በየጊዜው በራሱ እጅ የሚያጥብ ሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚቀባ ተራ ሰም ወደዚያ የቀረበ ውጤት ያገኛል። ጠጠር በሚበዛበት መንገድ የሚነዳ ሰው ገንዘቡን በኮፈኑ ፊት፣ በፊት መከላከያው (ባምፐሩ)ና በጎን መስተዋቶቹ ላይ በሚለጠፍ ፊልም ላይ ቢያውለው እመርጣለሁ። ይህን ስል ግን ከግጭት በኋላ እንደገና የተቀባ ክፍል ካለ ፊልሙ ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ሊነሣ እንደሚችል መናገር አለብኝ፤ አዲስ ተብሎ የተሸጠ መኪናም በጉዞ ላይ ተጎድቶ ተጠግኖ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ የቀለሙን ውፍረት በመለኪያ ማስለካት ይገባል፤ እንደገና የተቀባ ክፍል ብዙውን ጊዜ ወፍሮ ይገኛልና። የተለመደው መለኪያ የሚሠራው በላሜራ ላይ ነው፤ በፕላስቲክ የፊት መከላከያ ላይ አያነብም፤ ክሊሩንም ከሌላው ቀለም ለይቶ አያሳይም።

ሽፋኑን አልፈልግም ያለ ገዢ ሌላም የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ምንም አያስከፍለውም። መኪናው ከመረከቡ በፊት እንዳይታጠብ፣ ፖሊሽም እንዳይነካው፣ የማጓጓዣው ነጭ ፕላስቲክ ካለም እርሱ ራሱ ባለበት እንዲላጥ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን እጥበት በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅና በሁለት ባልዲ፣ አንዱን ለሳሙናው ሌላውን ለጨርቁ ማለቅለቂያ አድርጎ፣ በጥላ ሥር ራሱ ይጠበው።