የቀጥታ የጽሑፍ ቻት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በተሰጠ አንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ አንዱ ተናጋሪ «የቀጥታ ቻት እኛም አለን፤ ለተማሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተንላቸዋል» ብሎ አለፈ። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሁንስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቴሌግራም ግሩፕ ጥሩ ነገር ነው። ፋይል ይቀመጥበታል፣ ማታ የተጠየቀ ጥያቄ ጠዋት ይመለስበታል። ይህ ግን ሱቅ ነው። የቀጥታ ቻት፣ ማለትም በኢንተርኔት ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ተማሪዎቹ መልሳቸውን እዚያው የሚጽፉበት፣ የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነው፤ ሻጭም ገዢም በአንድ ሰዓት እዚያው መገኘት አለባቸው። አንዱ የጠራውን ዋጋ ሌላው ሰምቶ የራሱን ያስተካክላል። ዓርብ የመጣ ሰው ሜዳውን እንጂ ገበያውን አያገኝም። ቻትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪዎቹ በጻፉት መልስ መምህሩ ቀጥሎ የሚናገረውን እዚያው ካልቀየረ፣ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሳይጠይቅ እንደተመለሰ ሰው ነው።

የማስተምረው ስታትስቲክስ ነው። «2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 36፤ አማካዩ ስንት ነው? ጻፉ፣ ግን ላኩ ሳልል አትላኩ» እላለሁ። «ላኩ» ስል 10፣ 10፣ 10 ይወርዳል፤ መሀል ላይ 4 ብቅ ይላል። 4 ሚዲያኑ ነው፣ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው፤ ተማሪው ምኑን ከምኑ እንዳምታታው ወዲያው ይታያል። ከዚያ «ይህ 10 ከአምስቱ ቁጥሮች የትኛውን ይመስላል?» ብዬ እቀጥላለሁ። አንዱንም አይመስልም፤ አማካዩን ወደ ላይ ስለሳበው 36 ማውራት የምጀምረው ከዚያ ነው። «አትላኩ» ማለቱ ከቀረ ግን የመጀመሪያውን መልስ ሁሉም ይገለብጠዋል፤ ምላሾቹ እርስ በርስ ነፃ አይሆኑም።

«ኔትወርካችን አይችለውም» የሚሉም አሉ። እንዲያውም ቻት ለደካማ ኔትወርክ የተመቸ ነው። ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚያስቀምጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ 60 ፊደል ያለው መልስ 180 ባይት ብቻ ይሆናል። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሚወስድ ድምፅ በደቂቃ 240,000 ባይት ይፈጃል። ድምፁ ሲቆራረጥ ጽሑፉ ይደርሳል።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ በቻት የመለሱት ክፍሉን የሚወክሉ ናሙና አይደሉም። ፈጥኖ የሚመልሰው ያወቀው ብቻ ሳይሆን ኪቦርዱ የተመቸውም ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ የሚጽፍ ተማሪ በማንኛውም ስልክ ይፈጥናል፤ በግዕዝ ፊደል የሚጽፈው ለአንድ ሆሄ ብዙ ጊዜ ከአንዴ በላይ መንካት አለበት። ስለዚህ ጠይቆ መታገሥ፣ የፊደል ግድፈትን ማለፍ፣ መልሱን በመጣበት ቋንቋ መቀበል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ በቻት ዝም ያለውን ተማሪ «ቀሪ» ብሎ መመዝገብ ነው። በእኛ ሙያ የጎደለ መረጃ ዜሮ ተብሎ አይሞላም። መብራት ሄዶበት ይሆናል፤ እያሰበም ይሆናል። ማን እንደቀረ ማወቅ የፈለገ መምህር የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን ይመልከት፤ ቻቱን ለስም መጥሪያ አያውለው።