«የተለየ መንስኤ የሌለው የወገብ ህመም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊዚዮቴራፒስቱ ካርዱ ላይ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። «ታዲያ ዝም ብሎ ነው የሚያመኝ?» ይላል። አይደለም። ህመሙ እውነተኛ ነው። ቃሉ የሚለው ስብራት፣ ኢንፌክሽን፣ ዕጢ ወይም ነርቭ የሚጫን ነገር አልተገኘም ነው። ከ10 የወገብ ታማሚዎች 9ኙ ገደማ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ባለሙያው ይህን የሚለው አጣርቶ ነው። በጀርባዎ ያስተኛዎትና እግርዎን ሳያጥፍ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ህመሙ እንደ ኤሌክትሪክ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ ይጠረጥራል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር እየከዳ ከሆነ ግን ማሸት ብሎ ነገር የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይስ? አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ማበጥ ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይም በብዛት ይታያል። እንደ ሽበት ይቁጠሩት።

ዋናው ሕክምና እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት ያረጀ ምክር ነው፤ ጡንቻ ያደክማል። ጎንበስ ማለት የፈራ ሰው መጀመሪያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይሰዳል። ከዚያ ቆሞ፣ ከዚያ ቀላል ዕቃ ይዞ። ማሸቱ ያስታግሳል፤ ብቻውን ግን ብዙ አያስኬድም።