ከተሰጡ አሃዞች ስንት ቁጥር ይወጣል? ሲደገምና ሳይደገም

1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ተሰጥተዋል፤ ስንት ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ይመሠረታል? ለማትሪክ የተዘጋጀ ሰው ይህችን ጥያቄ ሳያገኛት አይቀርም። መጀመሪያ የሚታየው አሃዝ ይደገማል ወይስ አይደገምም የሚለው ነው። ከተደገመ ለመቶ ቤት 5 ምርጫ አለ፣ ለአስር ቤትም 5፣ ለአንድ ቤትም 5፤ ሲባዛ 125። 444 ራሱ ይቆጠራል ማለት ነው። ካልተደገመ ግን አንድ ቤት በሞላ ቁጥር ምርጫው በአንድ ይቀንሳል፦ 5 × 4 × 3፣ ማለትም 60። እዚህ ድረስ የሚቸገር የለም።

ጣጣው ዜሮ ሲመጣ ነው። 024 ያው 24 ስለሆነ ዜሮ መቶ ቤት አይገባም። ከ0 እስከ 5 ባሉት ስድስት አሃዞች፣ ሲደገም 5 × 6 × 6 = 180፣ ሳይደገም 5 × 5 × 4 = 100 ይወጣል። ሁለተኛዋ 5 ብዙ ሰው ታደናግራለች። መቶ ቤት አንዱን ወስዷል፣ ግን ተከልክሎ የነበረው ዜሮ አስር ቤት ላይ ተፈቅዶለት ይመለሳል፤ ስለዚህ ምርጫው አልቀነሰም።

ከእነዚሁ አሃዞች ሳይደገም ተጋማሽ ቁጥር ብቻ ቢባልስ? ከመቶ ቤት የጀመረ ሰው መሀል ላይ ይቆማል፤ ዜሮ ወይም 2 ቀደም ብሎ አልቆ ይሁን አይሁን አያውቅማ። ሁሌም መራጭ ከሆነው፣ ማለትም ሁሉንም አሃዝ ከማይቀበለው ቤት መጀመር ነው የሚያዋጣው። እዚህ ደግሞ ሁለት መራጭ ቤት (ዜሮን የማይቀበለው መቶ ቤትና 0፣ 2 ወይም 4ን ብቻ የሚቀበለው አንድ ቤት) ስላለ ይከፈላል፦ መጨረሻው 0 ከሆነ 5 × 4 = 20፤ 2 ወይም 4 ከሆነ 2 × 4 × 4 = 32። ድምሩ 52።

ሌላው የሚረሳው የተሰጡት አሃዞች ራሳቸው ሲመሳሰሉ ነው። 1፣ 1 እና 2ን መደርደር 6 ሳይሆን 3 ቁጥር ብቻ ይሰጣል፦ 112፣ 121፣ 211። ሁለቱ 1ዎች ቦታ ቢለዋወጡ ማንም አያውቅባቸውም፤ ስለዚህ 6 ለ2 ይካፈላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አሃዙ ሳይለወጥ ከቤት ቤት ሲዘዋወር ነው። በግዕዝ ቁጥር አይሆንም፤ ዜሮ የለውም፣ አስሮቹም የራሳቸው ምልክት አላቸው። 23 ሲጻፍ ፳፫፣ 32 ደግሞ ፴፪፤ አንድም የሚጋሩት ምልክት የለም።

ኪሳችን ውስጥ ያለው ምሳሌ የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥር ነው። እዚህ ዜሮ ፊት መቆም ስለሚችል በአራት አሃዝ 10,000 ይወጣል፤ ሳይደገም ግን 10 × 9 × 8 × 7 = 5,040 ብቻ። ስለዚህ «አሃዝ አትድገም» የሚለው ምክር 1111ን ቢያስቀርም ለገማቹ ግማሽ ያህሉን ሥራ ያቀልለታል። ቢያንስ አንድ አሃዝ የተደገመባቸውን ለማወቅም መቁጠር አያስፈልግም፤ መቀነስ ይበቃል፣ 4,960።

ስልክ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ከ09 በኋላ ስምንት አሃዝ ስለሚከተል በስሌት 100 ሚሊዮን ቁጥር ይወጣል። አንድም አሃዝ እንዳይደገም ከተባለ 0 እና 9 አስቀድመው አልቀዋል፤ የቀሩት ስምንቱ የሚደረደሩት በ8 ፋክቶሪያል (ከ8 እስከ 1 ያሉት ቁጥሮች ብዜት)፣ በ40,320 መንገድ ብቻ ነው።